ዜማና እንቅስቃሴ ለአረጋውያን ስለሚሰጡት ጥቅም፤ በደብራችን የወርቅ ኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል ምን እንደሆነ ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ያስረዳናል። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ዓመት ሲፈጸም፣ 50ኛው ዓመት የተቀደሰ ሆኖ መለከት ይነፋ ነበር፤ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፣ ከወገኑ የተለየውም ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ደብራችን 50 ዓመት ሞላው ብለን ስንደሰት፣ ከርስቱ ወጥቶ የቀረ ሰው በመካከላችን ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ከበዓሉ ሥራ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእውነት አለ። ይህ ደብር ሲተከል ድንጋይ የተሸከሙ፣ ውሃ የቀዱ፣ ለክብረ በዓሉ ጠላ የጠመቁና እንጀራ የጋገሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆመው ያደሩ፣ ዛሬ ግን ጉልበታቸው ስለ ደከመና ጆሯቸው ስለ ከበደ ከቤት የቀሩ ሽማግሎችና ባልቴቶች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ርስት መሬት አይደለም፤ ዜማውና ሽብሸባው፣ ጭብጨባውና ዕልልታው ነው።

የሰበካው ጉባኤ ስለ አረጋውያን ጤና ንግግር እንዳደርግ ስላዘዘኝ፣ ዜማና የሰውነት እንቅስቃሴ የሽማግሌን ሥጋና መንፈስ እንዴት እንደሚደግፉ፣ እኛም በዚህ ደብር ምን ልናደርግ እንደምንችል እናገራለሁ። እኔ የቅኔ ቤት ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ዜማው የምናገረው ከአባቶቻችን የተማርነውን ነው፤ ስለ ሕክምናው የምናገረው ግን ሐኪሞች መርምረው በጽሑፍ ያወጡትን ነው። ከሐኪሞቹ ሥራ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሽምግልና በሰውነት ላይ የሚያመጣውን እንመልከት። ዕድሜ ሲገፋ የጭንና የባት ሥጋ እየሳሳ ይሄዳል፤ እርምጃ ያጥራል፤ እግር ከመሬት ብዙ አይነሣም፤ ሰው ድንገት ሲደናቀፍ ራሱን የሚያቃናበት ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ይወድቃል፤ ወይም ሊወድቅ ይቃጣዋል። ያን ጊዜ ፍርሃት ይገባበታል። ልጆቹም ወድደውት፣ አክብረውት፣ «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ የሚፈልጉትን እኛ እናመጣለን» ይሉታል። ነገሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ፍጻሜው ግን መልካም አይደለም። ፍርሃት ያስቀምጠዋል፤ መቀመጥ ያደክመዋል፤ ድካም መልሶ ይጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ቈጠረው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ይህ ሞት የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ያው ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያደርጉ ዘንድ፣ በሳምንትም ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንን የሚያጸናና ጉልበትን የሚያበረታ ሥራ ይሠሩ ዘንድ ይመክራል።

ሽማግሌን የሚጎዳው ግን መውደቅ ብቻ አይደለም፤ ዝምታም አለ። ከጉባኤ የተለየ ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር ሊውል ይችላል። የማይናገር ሰው በሙሉ አይተነፍስም፤ የማይተነፍስም አያዜምም። የተረት ጓደኞቹ አንድ በአንድ እያለፉ፣ የሚያውቀውን የሚያውቅለት ሰው እያጣ ይሄዳል። እንግዲህ ሥጋውን የሚያንቀሳቅስ፣ ትንፋሹን የሚያሰፋ፣ ከሰውም ጋራ የሚያገናኘው አንድ ነገር ቢገኝ ሦስት ጥቅም በአንድ ጊዜ ያገኛል። ይህ ነገር ሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም፤ በእጃችን ያለ ነው።

በቅዱስ ያሬድ ትምህርት ዜማና እንቅስቃሴ ተለያይተው አያውቁም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እንደ ሠራው እናውቃለን። በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን እንደ ወጋው፣ ዜማውም እስኪፈጸም ድረስ ሁለቱም እንዳላወቁት የሚነገረውን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይህን ታሪክ የምናስተምረው የዜማውን ጣዕም ለማስረዳት ነው፤ ዳሩ ግን ዜማ ሰውን ከሕመሙ አሳብ ሊያወጣው እንዲችል አባቶቻችን ጥንት ያውቁት እንደነበረ በዚያው ይታወቃል። ሳኦል በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና ሲደረድርለት ዕረፍት ያገኝ እንደነበረ መጽሐፈ ሳሙኤል ይናገራል። ነቢዩ ኤልሳዕም ሊናገር በወደደ ጊዜ አስቀድሞ በገና የሚደረድር ሰው አስጠርቶ ነበር።

አሁን የአቋቋሙን ሥርዓት ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ ቁም ነው፤ ከበሮ ሳይመታ፣ ሰውነት ጸጥ ብሎ፣ መቋሚያ ተይዞ በትንፋሽና በድምፅ ብቻ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሰውነትም ከመቋሚያው ጋራ ይሄዳል። ቀጥሎ መረግድ ነው፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ እግርም ከመሬት ጋራ መነጋገር ይጀምራል። ቀጥሎ ጽፋት ነው፤ እጅ ያጨበጭባል፣ ዜማው ይፈጥናል። በመጨረሻም ወረቡ ከነሽብሸባው ይመጣል። ከጸጥታ ወደ እንቅስቃሴ፣ ከዝግታ ወደ ፍጥነት በደረጃ የሚወጣ መሰላል ነው። ዛሬ የሰውነት ማጠንከሪያ የሚያስተምሩ ሰዎች ሽማግሌ ያለ መዘጋጃ በድንገት ወደ ፈጣን ሥራ አይግባ፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ ብለው የሚያስጠነቅቁት ይህንኑ ነው።

መቋሚያውንም እዩት። ለቆመ ሰው ሦስተኛ እግር ነው፤ በዝማሜ ጊዜ ግን ከዚህ የበለጠ ሥራ አለው። ዘማሚው መቋሚያውን ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የሰውነቱ ክብደት በቀኝ እግሩ ላይ ያርፋል፤ ወደ ግራ ሲመልሰው ወደ ግራ ይሻገራል። ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በልክና በዝግታ ማሻገር ሐኪሞች ለሚዛን የሚያዝዙት ዋና ልምምድ ነው። በዚያውም ላይ ዘማሚው ቃሉን ከልቡ ያወጣል፣ በፊቱ የቆመውን ወገን ያያል፣ መሪውን ይጠብቃል፣ የከበሮውን ምት ይሰማል። እግሩና እጁ፣ ዐይኑና ጆሮው፣ ልቡናውም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

ይህ ነገር ጥቅም እንዳለው ባሕር ማዶ የተደረጉ ምርመራዎች ያሳያሉ። ከ1865 እስከ 1950 የኖረ ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ የተባለ የስዊስ የሙዚቃ መምህር፣ ዜማን በእግርና በእጅ እንቅስቃሴ የሚያስተምርበት ዘዴ አውጥቶ ነበር። በጄኔቭ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ይህን ዘዴ ወስደው ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ 134 ሰዎችን መረመሩ፤ ውጤቱንም በ2011 አሳተሙ። ሰዎቹ ለስድስት ወር በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ፒያኖ እየተመታላቸው ይሄዱ ነበር፤ ፒያኖው ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲዘገይ ይዘገያሉ፣ ሲለወጥም እርምጃቸውን ይለውጣሉ። ይህን የሠሩት ሰዎች ካልሠሩት ጋራ ሲነጻጸሩ መውደቃቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከበሮ መቺው ምቱን ሲለውጥ ሽብሸባው አብሮ እንዲለወጥ እናውቃለን፤ ስለዚህ ጄኔቮች በፒያኖ ያደረጉትን እኛ በከበሮ ልናደርገው የሚከለክለን የለም።

ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ያለባቸው ሰዎች እግራቸው መሬት ላይ እንደ ተጣበቀ ሆኖ መራመድ ይቸግራቸዋል። በአሜሪካ ማይክል ታውት የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1996 ባወጣው ጽሑፍ፣ እነዚህ ሕሙማን ለሦስት ሳምንት በየቀኑ የተመጠነ ምት እየሰሙ መራመድን ቢለማመዱ የእርምጃቸው ፍጥነት በሩብ ያህል እንደ ጨመረ አሳይቷል። ምቱ ከውጭ እየመጣ፣ ከውስጥ የደከመውን ቈጣሪ ይተካል። የጥምቀት ዕለት ታቦቱን አጅበው ሲመለሱ ሽማግሎቹ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንደሚዘልቁት የሚደነቅ ሰው ካለ ምክንያቱ አንድም ይህ ነው፤ ከበሮው ይቈጥርላቸዋል፤ ሕዝቡም እየቆመ፣ እያዜመ በእነርሱ እርምጃ ልክ ይሄዳል።

በ2003 ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት ያለፈ 469 ሰዎች ለብዙ ዓመት ሲመረመሩ ቈይተው ውጤቱ ታትሟል። ከእነርሱ መካከል የሚያነቡ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚመቱና ዳንስ የሚያዘወትሩ ሰዎች አእምሮን የሚያጠፋው የመዘንጋት በሽታ ከሌሎቹ ያነሰ አግኝቷቸዋል። ነገር ግን በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዳንሱ ከመዘንጋት ጠበቃቸውን፣ ወይስ ገና ያልዘነጉት ሰዎች ዳንሱን ቀጠሉ የሚለውን ይህ ምርመራ ቈርጦ አይፈርድም። በቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ የሚፈታ ተማሪ እንደሚገሠጽ ሁሉ፣ እኛም አብሮ የሚገኘውን ከሚያስገኘው ሳንለይ ዜማ የመዘንጋት መድኃኒት ነው ብለን እንዳንናገር።

ስለ ትንፋሽም አንድ ነገር ልጨምር። ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በ2001 ባወጣው ጽሑፍ፣ 23 ጤነኛ ሰዎች በላቲን ቋንቋ የሚደገም የእመቤታችንን ጸሎት በዜማ ልማድ ሲደግሙ ትንፋሻቸው ወደ 6 ጊዜ በደቂቃ እንደ ወረደ፣ የልባቸውና የደም ግፊታቸው አሠራርም እንደ ተስማማ አሳየ። እነዚያ ሰዎች ሕሙማንም ሽማግሎችም ስላልነበሩ ነገሩን ከልኩ በላይ አንውሰደው። ይሁን እንጂ የውዳሴ ማርያምን ዜማ በአንድ ትንፋሽ እስከ ዕረፍቱ ለማድረስ የሚታገል ሰው፣ ሳያውቀው ደረቱን እያሰፋ፣ ትንፋሹን በዝግታ እያወጣ መሆኑን መምህራን ሁሉ የምናውቀው ነው።

አሁን ስለ ጆሮ እናገራለሁ፤ በዚህ ነገር ብዙ ሽማግሎቻችንን ስለምናጣ። ንጉሥ ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ በነበረ ጊዜ የመገበው ቤርዜሊ የሚባል የ80 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም አብረኸኝ ውጣ ባለው ጊዜ፣ ሽማግሌው እምቢ ያለበት አንዱ ምክንያት የአዝማሪዎችን ድምፅ እንግዲህ ሊሰማ አለመቻሉ ነበር። በየቤታችን ስንት ቤርዜሊ አለ! «ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ምን እሰማለሁ» እያለ የቀረ፣ ጸሎቱ ያልቀዘቀዘ፣ ጆሮው ብቻ የከዳው ሰው ብዙ ነው። ሐኪሞች እንደሚሉት የሽማግሌ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑንና ከፍተኛውን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ይቈያል። እንግዲህ የጸናጽሉ ድምፅና የሕፃናቱ ዝማሬ አስቀድሞ ይርቅበታል፤ ከበሮው ግን ይቀርለታል። በገናም እንዲሁ ነው፤ ዐሥሩ አውታሮች በእንዚራው ላይ ሲነዝሩ ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ፣ በአጠገቡ የተቀመጠ ሰው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱም ይሰማዋል። ስለዚህ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ በኋላ በጥግ አይቀመጥ፤ በከበሮው አጠገብ፣ የመሪውን አፍ በሚያይበት ስፍራ ይቀመጥ። ደግሞም ጆሮውን የደፈነው ኵክ ብቻ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ይየው። የድምፅ ማጉያውን ከልክ በላይ መክፈት ግን የሽማግሌውን ጆሮ አያድነውም፤ የወጣቱንም ይጎዳዋል።

ስለ መዘንጋትም እንዲሁ። የልጆቹን ስም የዘነጋ፣ የዋለበትን ያደረበትን የማያውቅ ሽማግሌ በሕፃንነቱ የተማረውን የዳዊት መዝሙር ሳይሰናከል ሲያዜም ብዙዎቻችን አይተናል። ጥንት የታወቀን ዜማ የሚይዘው የአእምሮ ክፍል በዚህ በሽታ ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደሚጎዳ ዛሬ በምርመራ ታውቋል። ይህ ለቤተ ሰብ ትልቅ በር ነው። ከአባቱ ጋራ የሚነጋገርበት ቃል ያጣ ልጅ፣ አብሮ የሚያዜምበት ዜማ አለው። እጁን ይዞ በዝግታ ይጀምርለት፤ ፊቱንም ይመልከት። ፊቱ ቢበራ ይቀጥል፤ ቢጨልምና ቢያለቅስ ይተው። የሙሾ ወይም የቀብር ዜማ የሞተች ሚስትን ወይም የሞተ ልጅን ሊያስታውስ ስለሚችል፣ ማንኛውም ዜማ ለማንኛውም ሰው አይስማማም።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው «ሽማግሌ ሲደክም ቆይቷልና አሁን ይረፍ» የሚል ነው። ዕረፍት ለደከመ ሰው ይገባዋል፤ ዳሩ ግን የማይነቃነቅ ውሃ እንዲሸት፣ የማይታረስ መሬትም እንዲጠጥር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ለሽማግሌ የሚገባው ዕረፍት በሥራ መካከል የሚገኝ ዕረፍት ነው። ሁለተኛው «ለሽማግሌ መወዛወዝ ነውር ነው» የሚል ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኀይሉ ሲዘምር ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ ንቃው ነበር፤ መጽሐፍ ግን ነቀፌታውን የጣለው በእርስዋ ላይ ነው። አገራችንም ለሽማግሌ ክብር የሚስማማ እንቅስቃሴ አላት፤ ትከሻን ማንቀሳቀስ ተቀምጦ እንኳ የሚቻል ነው፤ የባልቴት ዕልልታ የሌለበት ሠርግም ሆነ ክርስትና ሙሉ አይባልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠውን ዜማ የሥጋ መድኃኒት አድርገን እናዋርደዋለን ወይ? የሚል ነው። ለዚህ መልሴ ይህ ነው። ዜማው ለእግዚአብሔር ምስጋና ነው፤ በማኅሌት የሚባለውን ማንም ለጤና ብሎ አይቀንሰው፣ አይጨምርበትም። ነገር ግን ዛፍ የሚተከለው ለፍሬው ሆኖ ሳለ ጥላው መንገደኛውን ያሳርፈዋል፤ ጥላው በመገኘቱ ፍሬው አይጎድልም። ስለዚህም ለአረጋውያን የማሳስበው ልምምድ ከቅኔ ማኅሌት ውጭ በአዳራሽ ይሁን፤ ካህናቱ የፈቀዱት መዝሙር ይባልበት፤ ወንዶችም ሴቶችም ይገኙበት። የማኅሌቱ ሥርዓት በስፍራው ይቈያል፤ ከእርሱ የተማርነው ጥበብ ግን ለደካሞች ይደርሳል።

አሁን ደብራችን ምን ያድርግ? በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ለ40 ደቂቃ በአዳራሹ ይሰብሰቡ። ረቡዕንና ዓርብን የተውኩት ጾም ስለሆኑ ነው። ሦስቱ ቀን ተደምሮ 120 ደቂቃ ይሆናል፤ የቀረውን 30 ደቂቃ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መምጣትና መመለስ ይሞላዋል። በዚህም ሐኪሞች ካሉት ልክ ከታችኛው እንደርሳለን።

የልምምዱ ሥርዓት ከአቋቋሙ ደረጃ የተወሰደ ይሁን። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ሁሉም በወንበር ተቀምጠው በዝግታ እየተነፈሱ በዝቅተኛ ድምፅ ያዚሙ። ቀጥሎ 10 ደቂቃ እንደ ተቀመጡ መቋሚያውን ወይም ዘንጋቸውን በሁለት እጅ ይዘው ያንሡ፣ ያውርዱ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘንብሉ፤ ትከሻቸውንም ያንቀሳቅሱ። ቀጥሎ 10 ደቂቃ የሚችሉት ተነሥተው የወንበሩን መደገፊያ ይዘው በከበሮው ምት ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያሻግሩ፤ የማይችሉት ተቀምጠው እግራቸውን እያነሡ መሬቱን ይርገጡ። ቀጥሎ 10 ደቂቃ አዳራሹን እየዞሩ ከከበሮው ጋራ ይራመዱ፤ ከበሮው ሲዘገይ ይዘግዩ፣ ሲቆም ይቁሙ፤ እያጨበጨቡ መሄድ የቻለም ያጨብጭብ። በመጨረሻው 5 ደቂቃ ተቀምጠው በዝግታ አዚመው በጸሎት ይፈጽሙ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ መደገፊያ ያላቸው ጽኑ ወንበሮች፣ አንድ ከበሮ፣ የመጠጥ ውሃ፣ በቂ ብርሃን። የሰው ነገር ግን ይበልጣል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ሚዛናቸው ለደከመ ለሁለት ሰዎች አንድ ረዳት ይመደብ፤ ከቤት የሚያመጣቸውና የሚመልሳቸውም ይኑር። ከአልጋ መነሣት ለማይችሉት ሁለት መዘምራን በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ይሂዱ። አንድ ሽማግሌ በጉባኤ ሳይገኝ ሁለት ጊዜ ቢቀር፣ ሦስተኛውን ሳንጠብቅ የሚጠይቀው ሰው ይላክ።

ጥንቃቄውንም አልዘነጋም። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ደረቱን ያመመው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ያዞረው ወዲያው ይቀመጥ፤ ይህ ከነፍስ ስንፍና አይቈጠርበትም። ከስግደት ወይም ከረጅም መቀመጥ በኋላ ድንገት ብድግ ማለት የሽማግሌን ራስ ያዞራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ከዚያ ደግፈውት ይነሣ። መስገድ የማይችል ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ቢጸልይ፣ መጾም የማይችለውም የንስሓ አባቱን አማክሮ መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢወስድ ቤተ ክርስቲያን ለደካማ ልጆችዋ የምትራራ እናት ናት። ጫማ አውልቀን የምንገባበት ስፍራ ስለሆነ የካልሲ መንሸራተትና የተጠቀለለ የምንጣፍ ጠርዝ ብዙ ሽማግሌ ሊጥል ይችላል፤ አቃቤ ንዋያቱ ይህን በየሳምንቱ ይመልከት። ሽማግሌ ጥማቱ ስለማይሰማው ከጾም ቀን በቀር ከልምምዱ በፊትና በኋላ ውሃ ይሰጠው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርሱም ለእናንተ ለካህናት ወንድሞቼ የሚነገር ነው። ድምፁ ያለቀ፣ ጉልበቱ የከዳው መሪጌታ ከማኅሌቱ ሲቀር፣ እርሱ ብቻ አይደለም የሚጎዳ። በአንገቱ ውስጥ የቀረው ርክርክና ድፋት፣ ከመምህሩ አፍ የወሰደው የአገሩ ስልት በመጽሐፍ ምልክት ብቻ አይገኝም፤ ከሰው አፍ ወደ ሰው ጆሮ ካልተላለፈ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ወንበር አምጡለትና በመካከላችሁ አስቀምጡት። ማዜም ባይችል ያርማል፤ ማረም ባይችል ተማሪው ሲሳሳት ራሱን ይነቀንቃል፤ ያም ነቅናቄ ለተማሪው ትምህርት፣ ለእርሱም እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ዓመት ከእያንዳንዱ አረጋዊ ሊቅ ጋራ አንድ ተማሪ ይመደብ፤ በድምፅ መቅረጫም የሚያስቀምጥ ይኑር።

አረጋዊው ስምዖን ጌታን በእጁ የታቀፈው በቤተ መቅደስ ስለ ተገኘ ነው፤ ነቢይት ሐናም የ84 ዓመት ባልቴት ሆና ከመቅደስ አልተለየችም ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከቤታቸው ቀርተው ቢሆን ያን ዕለት ማን ይመሰክር ነበር? የደብራችን ሽማግሎችና ባልቴቶችም የዚህ 50 ዓመት ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ክቡር አስተዳዳሪያችንና የሰበካው ጉባኤ አባላት፣ በዓሉ አልፎ ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት ይህን አሳብ መርምራችሁ፣ አዳራሹን፣ ቀኑንና ረዳቶቹን እንድትወስኑልን በትሕትና እለምናለሁ። ቤተ ሰቦች ሆይ፣ እናንተም እሑድ ስትመጡ ብቻችሁን አትምጡ፤ በቤት ያለውን አባት፣ በቤት ያለችውን እናት ክንዳቸውን ደግፋችሁ አምጡ፤ በከበሮው አጠገብም ስፍራ ልቀቁላቸው።

እግዚአብሔር ለአረጋውያኑ ብርታትን፣ ለወጣቶቹ ትዕግሥትን፣ ለሁላችንም መልካም ሽምግልናን ይስጠን። ደብራችንንም ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያድርስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።